ከአውሎ ነፋሱ በኋላ የመጣው ሐሙስ

ሰሜን ለመሄዳችን ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ሰዎች ለእኔ አዝነው «እሱ ራሱ ነው ልሂድ ልሂድ ያለው» ሲሉ ስለሰማሁ ነው። ውሸት ነው። ባልንጀራዬ ከኖርዝ ሜልቦርን ንቅንቅ ማለት አልፈለገም ነበር። የጎተትኩት እኔ ነኝ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለታችንም የደሴ ልጆች ነን። በሱዳን በኩል በእግር ወጥተን፣ ካርቱም አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረን፣ ሜልቦርንም የገባነው በሦስት ወር ልዩነት ነው። ሰንሻይን ዌስት ውስጥ ለመኪና በር የሚሆን ጎማ በሚሠራ ፋብሪካ የከሰዓት በኋላ ሺፍት እንሠራ ነበር። አንድ ዓርብ አለቃችን ሰበሰበንና ሥራ ቀዝቅዟል፣ ግማሾቻችሁን ሪትሬንች አድርገናል አለን፤ ከሥራ ቀንሰናችኋል ማለቱ ነው። ቃሉን የተማርነው የዚያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ለሥራ አጥ ድጎማ በሚሰጠው በሶሻል ሴኩሪቲ ሰልፍና በየፋብሪካው በር ስንንከራተት ወራት አለፉ። እኔ ተበሳጨሁ፣ ከሰው ጋር መጣላት ጀመርኩ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ሰው ሲስቅ በእኔ የሚስቅ ይመስለኝ ጀመር። እሱ ግን ብዙም አልከፋውም። ምክንያቱ ሚስቱ ነበረች፤ ከመጣች ገና ስምንት ወሯ ነው።

ስድስት ዓመት ጠብቋታል። ደሴ ትቷት ሲወጣ ሙሽራ ነበረች። ወረቀቷ አለቀ በተባለ ጊዜ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለችውን የኮሚሽን ፍላቱን፣ መንግሥት በርካሽ ያከራየውን ቤት፣ በገዛ እጁ አረንጓዴ ቀለም ቀባት። እሷ ገና ከደጃፉ ቆማ ግድግዳውን አየችና «መስጊድ ውስጥ ልታኖረኝ ነው እንዴ ያመጣኸኝ?» አለችው። አንደበቷ እንዲህ ስለታም ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የናፈቀውም ያንኑ አንደበት ነበር። እሷ ስትናገር እሱ ዝም ብሎ ፈገግ እያለ ያዳምጣታል። እራት ጋብዘውኝ ሁለቱን እያየሁ፣ ቀንቼባቸው ወደ ቤቴ የሄድኩበት ቀን ብዙ ነው።

ኩዊንስላንድ ውስጥ፣ ከላይ ከሰሜኑ ባሕር ዳርቻ፣ የሙዝ እርሻ ሠራተኛ ይፈልጋል የሚል ወሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሦስት ወር ብቻ ነው አልኩት። እሷ ሰምታ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች።

«ስድስት ዓመት ጠብቄ ስምንት ወር ነው ያየሁት። አሁን ደግሞ ሙዝ ሊሸከም ትወስድብኛለህ?»

«ሦስት ወር ምን አላት? አብሽሪ! እኔ አብሬው አይደለሁም ወይ?»

«እሱ ነው እኮ የሚያሳስበኝ» አለች፤ ሁላችንም ሳቅን።

ሁለት ቀን ተኩል በአውቶቡስ ተጓዝን። ሜልቦርን ስንለቅ ጃኬት ለብሰን ነበር፤ ስንደርስ ሸሚዛችን ከጀርባችን ላይ ተጣብቆ ነበር። አየሩ ከገላ መታጠቢያ ቤት እንደሚወጣ እንፋሎት የከበደ ነው። ከጎማው ሙቀት ሸሽተን ከሙዙ ሥር ገባን፤ አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። ሥራው እንዲህ ነበር። አንዱ ግንዱን በገጀራ ይገዘግዛል፤ ሌላው ከሥር ቆሞ ዘለላው ሲወርድ በትከሻው ይቀበላል። ዘለላው ከአረፋ በግ ይከብዳል። እሱ ተቀባይ ነበር፣ ከእኔ ይልቅ ትከሻው ሰፊ ስለሆነ። ከባሕሩ ትንሽ ገባ ብሎ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመች ጎጆ ሰጡን። ባለእርሻው ሽማግሌ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት ጭንቅ ነው። ስንሰግድ አይቶ አንድ ቀን «ወደየት ነው የምትዞሩት?» ብሎ ጠየቀን። አሳየነው። በማግስቱ ከጎጆዋ በዚያ በኩል ያለውን ቁጥቋጦ መንጥሮ ጠበቀን። ለምን እንዳደረገው አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ወደ ሁለት ወር ገደማ ስንሆን ነው ራዲዮው ስለ ሳይክሎን መለፍለፍ የጀመረው፤ በዚያ አገር ከባሕር ለሚነሣው አውሎ ነፋስ የሚሰጡት ስም ነው። ባለእርሻው መስኮቶቹን በሳንቃ መታ፤ ገንዳውን ውኃ ሙሉ አለን፣ ውጭ ያለውን ብረታ ብረት ሁሉ አስገቡ አለን። እኛ ታዘዝን እንጂ አላመንም። የደጋ ሰው በረዶ ይፈራል፣ መብረቅ ይፈራል፤ በነፋስ የሞተ ሰው ግን ማን አይቶ ያውቃል? ነፋስ ማለት ለእኛ በአውድማ ላይ እብቁን ከእህሉ የሚለይልን ደግ ነገር ነው። በዋዜማው ባልንጀራዬ ከባለእርሻው ቤት ለሚስቱ ደወለላት። በቴሌቪዥን አይታ ተጨንቃ ነበር። «ነፋሱ ትከሻዬን አይቶ ይመለሳል» ሲላት ከአጠገቡ ሆኜ ሰማሁ። ምን እንደመለሰችለት አላውቅም፤ እየሳቀ ነው ስልኩን የዘጋው። ሁለቱ ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጀመረ። አራት ሰዎችና አንድ ውሻ ሆነን ከባለእርሻው መታጠቢያ ክፍል ገባን፤ ከቤቱ ሁሉ ጠባቡና ጠንካራው እሱ ነው ተብሎ። ባለእርሻውና ሚስቱ ከገንዳው ጠርዝ ላይ፣ እኛ ከመሬት ተቀመጥን። ድምፁን ለመናገር ሁልጊዜ እቸገራለሁ። የወፍጮ ቤት ደጅ ቆሞ መስማት ሳይሆን፣ ጆሮን ከሚዞረው ድንጋይ ላይ አስደግፎ መስማት ነው። ሰዓታት እንዲያ ሆነ። ከላያችን የጣራው ምስማር አንድ በአንድ እየጮኸ ሲነቀል እንሰማለን፤ ከዚያ ቆርቆሮው ራሱ ሄደ። የገባብን ዝናብ ከላይ አይደለም የሚመጣው፣ ከጎን ነው፤ ከንፈሬ ላይ ሲያርፍ ጨው ጨው አለኝ። ባሕሩ እየበረረ እየመጣ ነበር። ባልንጀራዬ ከቁርኣን አያተል ኩርሲይን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራል። የሽማግሌው ሚስት፣ ሁለት ወር ሙሉ ከሰላምታ በቀር ያልተናገረችን ሴት፣ ክንዱን ይዛ አልለቅም አለች። እኔ ምን አደርግ ነበር ብትሉ፣ የውሻውን አንገት አቅፌ አለቅስ ነበር። አፍሬም አላውቅ።

መካከል ላይ ጸጥ አለ። ሰማዩ በተነቀለው ጣራ በኩል ነጭ ሆኖ ታየን። ያለቀ መስሎኝ ተነሣሁ፤ ሽማግሌው ሱሪዬን ጎትቶ አስቀመጠኝ። ጥቂት ቆይቶ ነፋሱ ከወዲያኛው በኩል ተመለሰና የተረፈውን ወሰደ።

ስንወጣ ያ አረንጓዴ አገር የለም። አንድም የቆመ የሙዝ ግንድ የለም፤ ሁሉም ተኝቷል። ኮረብታው ላይ ያለው ደን ቅጠሉ ተላጭቶ እሳት ያለፈበት መስሏል። የሽቦው አጥር ላይ የሞተ ጥጃ ተሰክቷል፤ ከሙዙ መካከል ዓሣ ይንፈራገጣል። ከጎጆአችን የቀሩት ምሰሶዎቹ ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ጭቃው ውስጥ ጎንበስ ብላ የሻይ ሲኒዎቿን ትለቅማለች፤ አንድ ያልተሰበረ ስታገኝ በቀሚሷ ጠርጋ ከአጠገቡ ታስቀምጣለች። ባልንጀራዬ አያትና ሄዶ አብሯት መልቀም ጀመረ። እንዲህ ነበር እሱ።

ሰው የሚያወራው ስለ ነፋሱ ነው። ክፉው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ጎርፉ መንገዱን ቆርጦታል። ፀሐይዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ወጥታ ታቃጥላለች። የወደቀው ሙዝ ሁሉ አንድ ላይ ይበሰብስ ጀመር፤ ዛሬም ገበያ ውስጥ ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝ ሲሸተኝ መንገዴን እቀይራለሁ። ትንኙ ለጉድ ነው። እባብ ሁሉ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ሰው ወዳለበት ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ሁለታችን የጣራ ቆርቆሮ ከጭቃ ውስጥ እየጎተትን ሳለ፣ እኔ የያዝኩበት ጫፍ አዳለጠኝና ቆርቆሮው ተንሸራቶ ቅልጥሙን ቆረጠው። ትልቅ ቁስል አልነበረም። «ምላጭ የነካኝ ያህል ነው» አለ። በዝናብ ውኃ አጠበው፣ ከሽርጡ ጫፍ ቀድዶ አሰረው፣ ከዚያም ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሠራ። እኔም አብሬው ቆሜ ሠራሁ፤ አልከለከልኩትም።

በሰባተኛው ቀን አተኮሰው። በስምንተኛው ቀን አልፎ አልፎ ማንነቴን ይስት ጀመር። ውኃው ጎደል ሲል ሽማግሌው በትራክተር ጋሪ አስፋልቱ ድረስ አመጣን፤ ከዚያ ወታደሮች በካሚዮናቸው ከተማው ሆስፒታል አደረሱን። የሆስፒታሉ ግማሽ ጣራ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ ነበር። መብራቱ የሚመጣው ደጅ ከቆመ ጄኔሬተር ነው፤ ማራገቢያ ለማዞር አይበቃም፤ ስለዚህ በሩ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝ። ልጅ እግር ናት፤ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። የዚያ አገር አፈር ውስጥ ጎርፍ የሚቀሰቅሰው ተህዋስ አለ፣ በቁስሉ ገብቶ ደሙንና ሳንባውን ይዞታል አለችኝ። መድኃኒት እየሰጡት ነው፤ ግን ዘግይቷል። ከዚያ «ቤተሰብ አለው?» አለች።

«ሚስት አለችው። ሜልቦርን።»

«ዛሬውኑ ደውልላት። አውሮፕላን መብረር ጀምሯል፤ መምጣት ከቻለች ዛሬ ትነሣ። ካልቻለችም ነርሷ ስልክ አልጋው ድረስ ታመጣለታለች። አሁን ይሰማል፣ ትንሽ ትንሽም ይናገራል። ስለ ነገ ግን ምንም ልነግርህ አልችልም።»

እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፤ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። የነገረችኝን አንዲት ቃል ሳትቀር ገብቶኛል። እንዳልገባኝ ማስመሰል እንኳ አልችልም።

ግን እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። መርዶ ወግ አለው። መጀመሪያ ይደበቃል። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ባለሐዘኗን የሚይዙ ሴቶች ይዘጋጃሉ፣ ማልደው ይሄዳሉ፣ ባለሐዘኑ ከእንቅልፉ ነቅቶ ሥራ ሳይጀምር መርዶውን ይሰማል። የሞተው ቀርቶ የታመመውም «ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነው» ይባላል። እኔ ራሴ የአባቴን ሞት የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። ካርቱም ሳለሁ ከቤት የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ «አባትህ ሰላም ይልሃል» ይል ነበር፤ እርሳቸው ግን አፈር ከለበሱ ቆይተዋል። በመጨረሻ ሲያረዱኝ ተቆጣሁ? አልተቆጣሁም። ብቻዬን በሰው አገር እንዳልሰማ ብለው ዓመት ሙሉ የዋሹልኝን ዘመዶቼን አመሰገንኩ። ፍቅር ማለት ይኼ ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

ስለዚህ መጀመሪያ የደወልኩት ለእሷ አይደለም። ዌስት ፉትስክሬይ ለሚኖሩት፣ ሁላችንም ጋሼ ለምንላቸው ሽማግሌያችን ነው። የወሎ ሰው ሜልቦርን ውስጥ ሲጋባም ሲጣላም እሳቸው ፊት ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ኢና ሊላሂ... ገና በሕይወት ነው አልክ?»

«አዎ ጋሼ። ሚስቱን ጥራት ብላኛለች ሐኪሟ።»

«ብቻዋን ከአሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ? በስልክ? ልጄ፣ መስኮቱ እንዳለ ረሳኸው? አይሆንም። አላህ ያሽረው ይሆናል፤ ካላሻረውም እኛ እዚህ እናዘጋጃታለን። አንተ ደህና ነው በላትና እሱን አስታም።»

ስልኩን ስዘጋ ቀለለኝ። ልደብቀው አልችልም፤ ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር የወረደ ያህል ቀለለኝ። ዛሬ ሳስበው፣ የጠበቅሁት ወጉን አይደለም። የፈራሁት የእሷን ድምፅ ነው። ወጉ ጥሩ መደበቂያ ሆነኝ።

ወደ ክፍሉ ስገባ ባልንጀራዬ ነቅቶ ነበር። ትንፋሹ አጭር አጭር ነው።

«ደወልክላት?» አለኝ።

«ወደ ሜልቦርን መስመሩ ገና ነው።»

«ድምፅዋን ልስማ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ተኝቷል ብዬ ተውኩት። እሷ ግን ስለ ነፋሱ ሳምንት ሙሉ ወሬ አጥታ እንደምትሰቃይ አውቃለሁ፤ ጋሼም ደህና ነው በላት ብለውኛል። ወጣሁና ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ካለው ስልክ ደወልኩ። ከበሩ ሦስት እርምጃ ይሆናል። ከቆምኩበት እግሮቹ በአንሶላው ሥር ይታዩኛል።

አንዴ እንደጠራ አነሣችው።

«አልሐምዱሊላህ! በሕይወት አላችሁ? እሱስ?»

«ደህና ነው። ደህና ነን። ስልክ ተቋርጦ ነው።»

«እሱን ስጠኛ!»

«ሥራ ላይ ነው። ጣራ እየጠገኑ ነው፤ እኔ ነኝ ከተማ የወጣሁት።»

«ድምፅህ ልክ አይደለም» አለችኝ።

«ደክሞኝ ነው።»

«የሆነ ነገር ካለ ንገረኝ። የዛሬውን ትኬት ቡክ አደርጋለሁ። ከሥራ አስፈቅዳለሁ፤ ባይፈቅዱልኝም እተዋለሁ። ልምጣ?»

አንድ «ነይ» የምትል ቃል ነበር የቀረችው። ሐኪሟ አፌ ውስጥ አስቀምጣልኝ ሄዳለች፤ እኔ ማውጣት ብቻ ነበረብኝ።

«አትምጪ» አልኳት። «ምን ልታደርጊ ትመጫለሽ? ደህና ነው አልኩሽ እኮ። በዚህ ሳምንት ወይ በሚቀጥለው እንመጣለን።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ ደህና ነው» አልኩ። ማልኩ። ድምፄንም ከፍ አድርጌ ነው የማልኩት፤ ውሸታም ሰው ሁልጊዜ ይጮኻል።

ስመለስ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቶ ነበር። ዓይኑ ክፍት ነው። «መስመሩ ተገኘ፣ ሰላም ብላሃለች፣ ትመጣለች» አልኩት። አልመለሰልኝም። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ስልክ በረጅም ገመድ እየጎተተች መጥታ «ለሚስቱ እንደውልለት?» ስትለኝ፣ ሥራ ላይ ናት አልኳት። እሱ ያንንም ሰማ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስለ ሚስቱ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ውኃ ስሰጠው ይጠጣል፣ ሲያገላብጡት ይገላበጣል። ዓርብ ዕለት፣ ሰው ለጁምዓ በሚወጣበት ሰዓት፣ የመጨረሻውን የእምነት ቃል፣ ሸሃዳን፣ አስያዝኩት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እጁን ይዤው ነበር፤ ያን እጅ ሊይዝ የማይገባው ሰው እኔው መሆኔን እያወቅሁ።

ቅዳሜ ጀናዛውን ይዤ በአውሮፕላን ሜልቦርን ገባሁ። ጋሼ ሁሉን አሰናድተው ጠበቁኝ። እሷ የዚያኑ ቀን ቤታቸው ደውላ ነበር፤ ባለቤታቸው «እየመጡ ነው፣ ነገ ይደርሳሉ» ብለዋታል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ «ውሸት አልተናገረችም» ብለው ጨመሩ። እኔም አልተቃወምኩም። እንኳን ልቃወም፣ በልቤ ብልሃታቸውን አደነቅሁ።

እሑድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በሦስት መኪና ሆነን ወደ ኖርዝ ሜልቦርን ሄድን። አራት ወንድ፣ አምስት ሴት። ይበርዳል፤ ቀጭን የሜልቦርን ዝናብ ያካፋል። ሊፍቱ አንዴ ሁላችንን አይችልም። እኔና ጋሼ ከሁለት ሴቶች ጋር ቀድመን ወጣን፤ የቀሩት እስኪደርሱ ኮሪደሩ ላይ ድምፃችንን አጥፍተን ቆምን። ማንም ሳያንኳኳ በሩ ተከፈተ። የመስገጃ ልብሷን እንደለበሰች ነበረች። ለሶላት ነቅታ ኮቴ ሰምታለች።

ከበስተኋላዋ የዳቦ ሽታ መጣ። ማታ ጋግራ ነው ያደረችው፤ እንመጣለን ብለናታላ።

አንድ በአንድ አየችን። ጋሼን አየች፣ ሴቶቹን አየች፣ እኔን አየች። ከእኔ ኋላ ደግሞ ሊፍቱን አየች፤ ተከፍቶ የቀሩት ሰዎች ወጡ፣ እሱ አልወጣም። የአገሯን ወግ ታውቃለች። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብዛት፣ ሰው ለሌላ ነገር አይመጣም።

ጋሼ «ልጄ፣ አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደው» ሲሉ ሴቶቹ ክንዷን ሊይዙ ቀረቡ። ለቅሶውንም ጀመሩ። እሷ ግን አላለቀሰችም። እጃቸውን ቀስ አድርጋ ከላይዋ አወረደችና ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ገባን። ሴቶቹ ዝም አሉ፤ ባለሐዘኗ ሳታለቅስ የሚያለቅስ ለቀስተኛ ግራ ይገባዋል።

«መቼ ነው?» አለች።

«ዓርብ» አሉ ጋሼ።

«ዓርብ» አለች። ጣቷን እየቆጠረች መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለች። «ሐሙስ ዕለት ስንነጋገር በሕይወት ነበር?»

«ነበር» አልኳት።

«መናገር ይችል ነበር?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ልጄ» አሉ ጋሼ፣ «የአላህ ውሳኔ ነው። አልቅሺ፤ አልቅሺና ይውጣልሽ። እሱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ለአንቺ ብዬ...»

«ጋሼ፣ እርስዎን አልጠየቅኩም» አለች። እንደዚያ ያለ ቃል ለእሳቸው የመለሰ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«ስልኩ የት ነበር?» አለችኝ።

«ኮሪደሩ ላይ።»

«ከእሱ በምን ያህል ይርቃል?»

«ሦስት እርምጃ።»

«በሩስ?»

መዋሸት እንዴት ቀላል ነበር! ከሐሙስ ጀምሮ ስዋሽ ከርሜያለሁ። ግን ያቺን አልቻልኩም።

«ክፍት ነበር» አልኳት። «ሙቀት ስለነበር።»

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። አንደኛዋ ሴት ትከሻዋ ላይ ጋቢ ጣል አደረገችላት፤ አላወቀችውም።

«እንግዲያው» አለች፣ ድምፅዋ እጅግ ዝቅ ብሎ፣ «ደህና ነው ስትለኝ፣ አትምጪ ስትለኝ፣ ወላሂ ብለህ ስትምልልኝ፣ ሰምቶሃል?»

«አላውቅም» አልኳት። «ተኝቶ ነበር መሰለኝ።»

አውቅ ነበር። እሷም ፊቴን አይታ አወቀች። ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።